ዘግይቶ የደረሰ ጥሩንባ

እንቁ ፈንታሁን መንገድ ላይ ድንገት ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ ስትመለስ አዛን ከተሰማ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከተደወለ፣ ባለችበት ትገተራለች። አላፊ አግዳሚው «መምህሯን ጸሎት ያዛት» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ዕድሜ ልክ ጓደኛዋ ስለሆንኩ ምን እየሠራች እንደሆነ አውቃለሁ። ድምፁ የሆነ ግድግዳ ነክቶ እስኪመለስ እየጠበቀች ነው። በዚህ አመሏ ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ ገትራኛለች!

አቀስታ ከተማም እዚህም ፊዚክስ ስታስተምር ኖራ አሁን ጡረታ ላይ ናት። ተማሪዎቿ ሐኪምም መሐንዲስም ሆነዋል። መንገድ ላይ ሲያገኟት ጉልበቷን ሊስሙ ይጎነበሳሉ፣ እሷ ግን ስማቸውን አታስታውስም። የምታስታውሰው ያቃታቸውን ትምህርት ነው። «አንተ የብርሃን ስብረት አልገባ ብሎህ ያለቀስከው አይደለህም?» ትላለች፣ ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ቆሞ ሳለ።

በ1966 ዓ.ም. ሁለታችንም ደሴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር፤ እኔ የነጋዴ ልጅ ሀሊማ፣ እሷ የገበሬ ልጅ እንቁ። ከክፍላችን ፊዚክስ የሚማሩት ሴቶች እኛ ብቻ ነበርን። እኔ ነገሩን የያዝኩት በሂሳቡ በኩል ነው። ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ቁጥር አያስደነግጣትም፤ ፎርሙላውን አወጣለሁ፣ ቁጥሮቹን እከታለሁ፣ መልሱ ይወጣል፣ አለቀ። እንቁ እንደዚያ አልነበረችም። መጽሐፉ «አንድ ድንጋይ ከገደል አፋፍ ቢለቀቅ» ሲል እኔ እርሳሴን ሳነሳ እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ገና እየወደቀ ነው» ትለኛለች። ልመታት ያምረኝ ነበር።

የካቲት ላይ አብዮቱ ፈነዳ። ተማሪው አድማ መታ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እኛም መጽሐፋችንን ይዘን ወደ አገራችን ተመለስን፤ ከፊሉን መንገድ በጭነት መኪና፣ ከፊሉን በእግር። እኛ ወደ ቤታችን ስንሄድ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ይመጣ ነበር። ልጅ ያዘሉ፣ በትር የተደገፉ፣ መንገድ ዳር አረፍ ብለው ያልተነሱ። ደሴ ሆነን «መሬት ላራሹ» እያልን ስንጮህ ረሃቡን የምናውቀው መስሎን ነበር፤ አናውቀውም ነበር።

አባቴ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ነበረው። ሚኒስትሮቹ ወረዱ፣ ወታደሩ ጥያቄ አቀረበ፣ ታክሲ ነጂው አድማ መታ ይላል። ማትሪክ ይኑር አይኑር ግን የሚነግረን አልተገኘም። «ቢኖርም ባይኖርም መጽሐፉን እንጨርሰዋለን» አለች እንቁ። ከቤታቸው ጀርባ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠን ያለ አስተማሪ ማጥናት ጀመርን። ዛሬ ሳስበው እነዚያ ቀኖች እንደ ሕልም ናቸው። የበልጉ ዝናብ ቀርቷል። ደመናው በየቀኑ ይመጣል፣ ጥላውን ጥሎብን ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል፣ ጠብ አይልም። እንቁ በጀርባዋ ተንጋላ «ይሄኛው ስንት ጋን ውሃ የተሸከመ ይመስልሻል?» ትለኛለች። ከዚያ ትነሳና፣ ዓይኗን እያሻሸች፣ ስለ ሙቀት ወይም ስለ ብርሃን ታነባለች። ጓዳ ውስጥ እናቷ እማማ አልታዬ ታመው ተኝተዋል፤ በየመሀሉ ሳላቸው ይሰማናል። የቀረን ትልቁ ምዕራፍ ስለ ድምፅ የሚያወራው ነበር።

የእነ እንቁ ቤት ከከተማው ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከደጃፉ ቁጭ ብለው ማዶውን ሲያዩት እጅ ቢዘረጉ የሚነኩት ይመስላል። የማዶው ቤቶች ጭስ፣ ፍየሎቹ፣ ልብስ የምታሰጣ ሴት ሳትቀር ትታያለች። እዚያ ለመሄድ ግን ቆላውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ መውጣት ነው፤ ማልዶ የተነሳ ሲመሽ ቢደርስ ነው። እንቁን ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ይህ ነበር።

«ሀሊማ፣ ዓይኔ ወዲያው ይደርሳል፣ እግሬ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ድምፄስ? እዚህ ሆኜ ማዶ ያለ ሰው ብጠራ፣ ቃሉ ከአፌ ወጥቷል፣ ሰውየው ጋ ግን ገና አልደረሰም። በመሀል ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል፣ ይጓዛል» አልኳት።

«ብቻውን?» አለችኝ።

ከእንዲህ ዓይነት ልጅ ጋር ነው ለማትሪክ ያጠናሁት።

አባቷ አያ ፈንታሁን የቅሬያችን ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። ቅሬ እኛ ወሎዎች ዘንድ እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ የሚቀብር፣ አብሮ የሚያለቅስ ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት አያ ፈንታሁን አፋፉ ላይ ቆመው ይነፋሉ፣ ገደሉ እስኪመልስ ይጠብቃሉ፣ እንደገና ይነፋሉ። ከተማውም ቆላውም ያለ አባል የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ቤት ንፍሮም ይሁን እንጀራ የአቅሙን ይይዛል፤ ለልቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይመለስም። ከሁሉ የከፋው ጥፋት ደግሞ በሐሰት የተነፋ ጥሩንባ ነው። ያን ያደረገ ቤት ከቅሬ ይወጣል፤ እሳት አይጫርለት፣ ውሃ አይቀዳለት፣ ሬሳው አይነሳለት ይባላል።

በዚያ ዓመት ግን ጥሩንባው ተሰቅሎ ነበር። በየቤቱ የሚቀቀል ነገር ሲጠፋ፣ ባዶ እጁን መምጣት ያፈረ ሰው ከልቅሶ ይቀር ጀመር። የቅሬው ዳኛ አያ አራጌ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «ሰው ከምናዋርድ እህል እስኪገኝ ይቀመጥ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቆላ ያለው ቤተሰብ ሬሳውን ራሱ ይቀብራል። ማን እንደሞተ ከተማው የሚሰማው ሰንብቶ በወሬ ነው። ጥሩንባው አያ ፈንታሁን ቤት ምሰሶ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር።

እንቁ ገደሉን ልትለካው ተነሳች። መጽሐፉ ዘዴውን ሰጥቶናል። ድምፅ አሰምተሽ፣ የገደል ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይዘሽ፣ በድምፅ ፍጥነት አባዝተሽ፣ መሄጃና መመለሻ ስለሆነ ለሁለት ታካፍያለሽ። አባቴን ለምኜ የእጅ ሰዓቱን አመጣሁ፤ ሴኮንድ ይቆጥር ነበር። መጀመሪያ ሁለት ሳንቃ አጋጨን። ምንም አልተመለሰም። ጮህን፤ ጩኸታችን ተቆራርጦ መጣና የትኛው የማን እንደሆነ አልለይ አለን። ደህና አድርገው የመለሱልን የጎረቤት ውሾች ብቻ ነበሩ።

«ወፍራም ድምፅ ነው የሚያስፈልገን» አለች እንቁ። ዓይኗ ወደ ምሰሶው ሄደ።

«አበድሽ እንዴ?» አልኳት።

«ተሰቅሏል እኮ፣ አሁን ጆሮ የሚሰጠው የለም። ደግሞ ለልቅሶ የሚነፋው በማለዳ ነው፣ አሁን ቀትር ነው። ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ ነው የምነፋው።»

ልብ በሉ፤ ይህን የምትለኝ «ድምፅ ከምንጩ ተነስቶ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል» የሚለውን የምዕራፉን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በቃሏ የምትወጣው ልጅ ናት። ግን በዚያች ሰዓት ሁለታችንም መጽሐፉ ውስጥ ነበርን። እዚያ ውስጥ ያለው ገደል ሰው የለበትም፣ በእርሳስ የተሠመረ መሥመር ነው። አያ ፈንታሁን ማሳ ሄደዋል፣ የሚከለክለን አልነበረም።

ነፋች። ከልጅነቷ ሲነፋ እያየች ያደገች ናትና አላቃታትም። ድምፁ ገደሉን ሞላውና ጠፋ። እኔ ሰዓቱን፣ እሷ ማዶውን እናያለን። እንዴት ያለ ዝምታ ነበር! ከዚያ ቀጠን፣ ለስለስ ብሎ ከማዶ ተመለሰ። የእንቁ ዓይን እንባ አቀረረ። «ሄዶ መጣ» አለችኝ፣ ዘመድ ከሩቅ አገር የገባላት ያህል ደስ ብሏት። ለማረጋገጥ እንደገና ነፋች፣ እስኪመለስ ጠበቀች፣ እንደገና ነፋች። ሞት የሚነገረው ልክ እንደዚያ መሆኑን ሁለታችንም አላስተዋልንም።

ቁጥሩን በእንጨት መሬት ላይ እየጻፍን ሳለን አያ ፈንታሁን እየሮጡ መጡ። የጥሩንባቸውን ድምፅ እንዴት ይስቱታል! አልተቆጡም፣ አልጮሁም። ጥሩንባውን ከእጇ ተቀበሉና ወደ ቆላው አዩ። እኛም አየን። ሰው እየወጣ ነበር።

ከቆላው ይወጣል፣ ከጎረቤት መንደር ይመጣል፣ ከከተማው ይመጣል። የቆላዎቹ ትንሽ ይራመዱና ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። ነጠላቸውን ለልቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በዚያ አቅማቸው ያን ዳገት እንዴት እንደወጡት እስከ ዛሬ አይገባኝም። አንዳንዶቹ በጨርቅ የተቋጠረች ነገር ይዘዋል፤ በኋላ ሲፈቱት እንዳየሁት እፍኝ የማትሞላ ባቄላ ናት። ባዶ እጃቸውን ላለመምጣት ነው። ያችን ባቄላ ስንት ቀን ሳይበሏት አስቀምጠው እንደነበር አላህ ያውቃል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፋፉ በሰው ሞላ። አያ አራጌ በምርኩዛቸው ደረሱና «አብሽር፣ አይዞህ ፈንታሁን። ማን ነው የሞተው?» አሉ።

አያ ፈንታሁን ጥሩንባውን ይበልጥ አቀፉት።

«አልታዬ ናት እንዴ? ኧረ በአላህ ተናገር!»

«አልታዬ አለች» አሉ አያ ፈንታሁን።

«እና ለማን ነው የተነፋው?» የአያ አራጌ ድምፅ ተለወጠ። ሰዉ ማንሾካሾክ ጀመረ። በዚያ የሞት ዓመት ከቅሬ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። እማማ አልታዬ ግድግዳው ወዲያ እየሳሉ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አስከሬናቸውን የሚያነሳ ሊጠፋ ነው፣ በእኛ ድምፅ መለካት ምክንያት።

እንቁ ወደ ፊት ወጣች። «አባባ የሉበትም። የነፋሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ለማን?»

«ለትምህርት ነው። ድምፅ ማዶ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት…»

ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ለትምህርት» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ቀምሰውት እንደማያውቁት ምግብ ቃሉን እያላመጡ። እንቁ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አያ አራጌ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉና «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ፈንታሁን። ሥርዓቱን አንተም ታውቀዋለህ» ብለው ጀመሩ።

ያኔ ነው ከሰዉ ኋላ አንዲት ሴት «ለበላይ ነው» ያለችው።

ብዙዬ ትባላለች። ከቆላው ነው የመጣችው፣ ከሁሉ መጨረሻ፣ ብቻዋን። ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ አውቃት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሰው ስሟን እስኪጠራ አላወቅኳትም፣ እንደዚያ ከስታ ነበር።

«ምን አልሽ ብዙዬ?» አሉ አያ አራጌ።

«ለልጄ ለበላይ ነው የተነፋው። ጥር ላይ ነው የሞተብኝ። ጥሩንባ አልተነፋለትም፣ ሰው አልመጣለትም። እኔና አባቱ ቆፈርን፣ እኔና አባቱ አፈር መለስን። ሳይቆይ አባቱም ተከተለው፣ እሱን ደግሞ ብቻዬን።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ዛሬ ከታች ሆኜ ስሰማው፣ ይሄ የኔ በላይ ጥሩንባ ነው፣ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ አልቀረም አልኩ። ልጅቷን በሐሰት ነፋሽ አትበሏት አያ አራጌ። እኔ የመጣሁት ላለቅስ ነው፣ አለቅሳለሁ።»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው «ለእህቴም ነው» አለ። ሌላዋ «ለአባቴ» አለች። ሌላው «ለሁለቱ ልጆቼ» አለ። ያ «ለትምህርት» ያሉት ሽማግሌ ደግሞ «መንገድ ዳር ላገኘኋት፣ ስሟን ለማላውቃት ልጅ ይሁንልኝ» አሉና እጃቸውን ለዱአ ዘረጉ። እኔም አለቀስኩ። ከደሴ ስንመጣ መንገድ ላይ ያየኋቸው ሁሉ ያን ጊዜ ነው ወደ ዓይኔ የመጡት።

አያ አራጌ ምርኩዛቸውን ከመሬት ነቅለው ወደ አያ ፈንታሁን ተጠጉ። ከዚያ «ፈንታሁን» አሉ፣ «ንፋ እንግዲህ። በየስማቸው ንፋ።»

አያ ፈንታሁን በየስማቸው ነፉ። ገደሉም በየስማቸው መለሰ። ሰዓቱ እጄ ላይ ነበር፣ እኔም እንቁም አላየነውም። እነዚያ እፍኝ እፍኝ ባቄላዎች አንድ ድስት ውስጥ ገቡ። አባቴ እጁ የማይፈታ ሰው ነበር፣ ልጁ ስለሆንኩ ብናገር አልታማም፤ ያን ቀን ግን ማንም ሳይለምነው ሽምብራ በጆንያ አስወጥቶ አስቀቀለ። አላህ ጀነት ይስጠው። ለልቅሶ የመጣ ሳይቀምስ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ ለሞተ ሁሉ ጥሩንባው ተነፋ፣ ባዶ እጁን የመጣውንም ማንም አልታዘበውም።

እንቁ ሰንብታም መጽሐፉን አልከፈተችም። «የለካነውስ ቁጥር?» ብዬ ስጠይቃት «መሬት ላይ ነበር፣ ሰው ረገጠው» አለችኝ። ፊዚክስን የተወችው መስሎኝ ነበር። ክረምት ሲገባ እማማ አልታዬ አረፉ። ቅሬው ነው ተሸክሞ የቀበራቸው፤ ጭቃውን እያቦካ ቆላው ሁሉ ወጣ። ከቀብር በተመለስን ማግስት እንቁ ወይራው ሥር ተቀምጣ መጽሐፉን ከዚያው ከድምፁ ምዕራፍ ጀመረችው።

በቀጣዩ ዓመት የእድገት በኅብረት ዘመቻ ብለው አዘመቱን፤ ማትሪኩንም የተፈተንነው ከዚያ ተመልሰን ነው። እኔ ሱቁን ያዝኩ፣ እሷ መምህርት ሆነች። አግብታ ወልዳለች፤ ባሏም መንገድ ላይ መቆምን ለምዶታል። የድምፅ ትምህርት ሲደርስ ተማሪዎቿን አፋፉ ላይ ታሰልፍና ሁሉንም በአንድ ላይ ታስጨበጭባቸው ነበር። ከዚያ በፊት ግን ከመካከላቸው ሁለቱን ቁልቁል ትልክ ነበር፣ «ማንም አልሞተም፣ ትምህርት ነው ብላችሁ ንገሩ» ብላ። የተላኩት ደርሰው ከታች እጃቸውን እስኪያውለበልቡ ማንም እጁን አያነሳም ነበር። ርእሰ መምህሩ ክፍለ ጊዜው ባከነ ብለው ቢቆጧትም አልሰማቻቸውም።

በ1977 ረሃቡ ተመልሶ መጣ። አያ ፈንታሁን ያረፉት በዚያ ዓመት ነው። ጥሩንባ ነፊው ሲሞት ማን ይንፋ? ሽማግሌዎቹ ሲመካከሩ እንቁ ጥሩንባውን ከምሰሶው አወረደች። ሴት ነፍታ አታውቅም፤ ማንም ግን አልከለከላትም። አብሬያት አፋፉ ላይ ቆምኩ። የአባቴ ሰዓት ያን ጊዜ እኔ እጅ ላይ ነው። ሐዘን ሲበዛ የማይረባ ነገር ከአፍ ይወጣል፤ «ጊዜውን ልያዝልሽ?» አልኳት።

«ተይው፣ ይምጣ» አለችኝ።

ነፋች። ጠበቀች። መጣ። እንደገና ነፋች።

ከቆላው መጀመሪያ የደረሰችው ብዙዬ ናት። አርጅታለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም። ከእንቁ አጠገብ ተቀምጣ ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈታች። እፍኝ የማትሞላ ባቄላ ነበረች።